የመስገጃዋ ጥግና የምስሯ ድስት



የ1441 ዓመተ ሂጅራን ረመዳን ታስታውሳላችሁ? መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 16 ደግሞ ረመዳን ገባ። አዛኑ ይሰማል፣ የመስጊዱ በር ግን ዝግ ነበር። ተራዊሕን ከቤተሰቦቻችን ጋር ሳሎን ውስጥ ሰገድን፤ ግንቦት 16 ቀን ዒዱንም በየቤታችን አሳለፍን።

በዚያ ወር ብዙዎቻችን ሁለት ነገር አድርገን ነበር። አንደኛ፣ ወንበርና ጠረጴዛውን ገፋ አድርገን ለሶላት የምትሆን ንጹሕ ጥግ አዘጋጀን። ሁለተኛ፣ ገበያ መውጣት ሲከብደንና ገቢያችን ሲቀንስ፣ ሥጋውን ትተን ምስሩን፣ ሽሮውንና ሽምብራውን ጣድን። አልሐምዱሊላህ፣ ያ ጊዜ አለፈ። ጥጓ ግን ዛሬ በብዙ ቤት የካርቶን ማስቀመጫ ሆናለች፤ ምስሩም “ሥጋ ሲጠፋ” ብቻ የሚበላ ሆኗል። እኔ ግን ሁለቱም ወደ ቤታችን ሊመለሱ ይገባል እላለሁ። ሲመለሱ ደግሞ ጤናችንን እንዲጠቅሙ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥጓን ስናሳምር

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሶላታችን ከፊሉን በቤታችን እንድናደርግ መክረውናል። ስለዚህ ጥጓ ለወረርሽኝ ብቻ የምትሠራ አይደለችም። ብዙ ወጪም አትጠይቅም። ወደ ቂብላ የሚያዞርና መስኮት አጠገብ ያለ ቦታ ምረጡ። ግድግዳውን ነጣ ያለ ቀለም ወይም ኖራ ቀቡት። ወፍራሙን መጋረጃ በስስ ቀይሩት። ለቁርኣን ከፍ ያለ ትንሽ መደርደሪያ አድርጉ። መስገጃውንና ምንጣፉን በየጊዜው አራግፉ፣ ፀሐይ ላይም አስጡ፤ አቧራ አስም ላለበት ሰው ጠላት ነውና።

መስኮቱ ለውበት ብቻ አይደለም። ኮሮናም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋሉ። ቤተሰቡ ለጀመዓ ሶላት ሲሰለፍ መስኮቱ ገርበብ ይበል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ከሰሉን ነው። ቤቱን አሳምረን፣ በርና መስኮቱን ዘግተን፣ ለቡናውና ለቡኹሩ ፍም እናስገባለን። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጭሱ ቢጠፋም፣ ፍሙ አመድ ቢለብስም ጋዙ አይቆምም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ፣ ፈጥናችሁም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ፍም ያለበትን ምድጃ በምትተኙበት ክፍል ፈጽሞ አታሳድሩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። መድኃኒት ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ አይደርደር፣ ከምድጃ በላይም አይሰቀል፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ፣ የሕፃን እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። በረኪናን ደግሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፤ በባዶ የውኃ ጠርሙስም አታስቀምጡ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ድስቷን ስንጥድ

አላህ ሐላል ያደረገውን ሥጋ ተዉ ማለቴ አይደለም። ሥጋ የሌለው ማዕድ ጎዶሎ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ስሕተት ነው። ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ የፕሮቲናቸው ጉድለት እርስ በርሱ ይሟላል። ምስር በእንጀራ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ሽምብራ በዳቦ፤ እናቶቻችን ሳይማሩ ያወቁት ነው። የእንጀራው ሊጥ መቡካቱም በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲያገኘው ይረዳል።

ለኢፍጣር የምትሆን የምስር ሾርባ እነሆ፣ ለአራት ሰው፦

1 ብርጭቆ ምስር ክክ ለቅማችሁ እጠቡ። 1 ራስ ሽንኩርትና 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከትፋችሁ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ጥቂት ከሙን ጨምሩ። 1 ቲማቲምና 1 ካሮት ከትፋችሁ ጨምሩ፤ ምስሩንና 5 ብርጭቆ ውኃ አድርጋችሁ እስኪበስል 30 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ። ጨው በመጠኑ ይሁን። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጭመቁበት፣ የተከተፈ ቃሪያም ጨምሩ።

ሎሚው ለምን መጨረሻ ላይ? በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ይህ ቫይታሚን እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚጠፋ ሎሚውና ቃሪያው በስተመጨረሻ ይገባሉ።

ሻዩ ይቆይ

አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ለደም ማነስ የታዘዘላትን የብረት እንክብል ልትወስድ መድኃኒት ቤት መጣች። ለወራት ወስዳው ለውጥ አላየችም። “በምን ነው የምትውጪው?” አልኳት። “ኢፍጣር ላይ፣ በሻይ” አለችኝ። ችግሩ በእርግጥ ሻዩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሐኪሟ ዘንድ ተመልሳ እንድትታይ ነገርኳት። ነገር ግን ሻይና ቡና ብረትን ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። እንክብሉም ሆነ የምስሩ ብረት አብሮ ይባክናል። ስለዚህ እህቶቼ፣ ሻዩንና ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ከተራዊሕ በኋላ ቢጠጣ ምን ይጎድላል? እንክብሉን በውኃ ዋጡ።

ቢ12 የተባለው ቫይታሚን ደግሞ ከአትክልትና ከጥራጥሬ አይገኝም። ሥጋ የማያዘወትር ቤተሰብ እንቁላል፣ ወተት ወይም እርጎ አይለየው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የጥራጥሬውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ውድ አንባብያን፣ በዚያ የጭንቅ ረመዳን ያገኘናቸውን ሁለት መልካም ነገሮች ጭንቁ ሲያልፍ አንጣላቸው። ዛሬ ካርቶኑን ከጥጓ አንሡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ምስሩን ጣዱ፤ ሻዩን አቆዩ። አላህ ቤቶቻችንን በዚክርና በጤና ይሙላልን፤ በዚያ ዘመን ያጣናቸውን ወገኖቻችንንም በራሕመቱ ይቀበላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።