ከጣሪያ እስከ መሬት፦ ስለ ሕንጻ መብረቅ መከላከያ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በዩጋንዳ ኪርያንዶንጎ ወረዳ በሩንያንያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የወደቀ አንድ መብረቅ 18 ተማሪዎችን ገደለ። ልጆቹ ከዝናብ ተጠልለው ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከመዘገባቸው አደጋዎች በአንድ ቀጥተኛ ምት ብዙ ሰው የሞተበትም እ.ኤ.አ. በ1975 በዛሬዋ ዚምባብዌ የደረሰው ነው። ያን ጊዜ ያለቁት 21 ሰዎችም አንዲት ጎጆ ውስጥ የተጠለሉ ነበሩ። መብረቅ መከላከያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ረጅም ፎቅ ወይም የቴሌ ማማ ነው። እነዚህ ሁለት አደጋዎች የደረሱት ግን ዝቅ ባሉ ቤቶች ውስጥ ነው። ጣሪያው መብረቁን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ስላላገኘ በሰው ላይ አለፈ።

የመብረቅ መከላከያ ሥራ የተጀመረውም ይህን መንገድ በመፈለግ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ቤትን ከመብረቅ ለማዳን ሹል ብረት ከጣሪያ በላይ አቁሞ እስከ እርጥብ አፈር ማውረድ እንደሚገባ ጻፈ። በዚያው ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖረው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ሪችማን በቤቱ ጣሪያ ላይ ዘንግ ተክሎ ሲመራመር ሞተ። ዘንጉ ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1876 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ሕንጻን ዙሪያውን በብረት መረብ መክበብ ሰውን እንደሚያድን አስረዳ። ዛሬ የሚሠራበት አሠራር የፍራንክሊንና የማክስዌል ሐሳብ ድምር ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት መጠኑን ማየት ይጠቅማል። ተራ የሚባል መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ይሸከማል፤ የቤታችን ሶኬት ብሬከር 16 አምፔር ላይ ይቆርጣል። በመብረቁ መስመር ያለው አየር 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይግላል። እንጨትም ሆነ ግድግዳ ሲመታ የሚፈነዳው በውስጡ ያለው እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ስለሚሆን ነው።

ሥርዓቱ ከላይ ይጀምራል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 62305 ይባላል፤ ሕንጻዎችን እንደ አደጋቸው ክብደት በአራት እርከን ይመድባል። መሐንዲሱ በሐሳቡ አንድ ትልቅ ኳስ በሕንጻው ላይ ያንከባልላል። የኳሱ ሬዲየስ በጥብቁ እርከን 20 ሜትር፣ በመጨረሻው 60 ሜትር ነው። ኳሱ የነካው ቦታ ሁሉ መብረቅ ሊያርፍበት ይችላል፤ ስለዚህ ዘንግ ወይም የሽቦ መረብ ያስፈልገዋል። ከዚያ መውረጃ ሽቦዎች ይከተላሉ። ከሁለት ማነስ የለባቸውም፤ በሕንጻው ዙሪያም እንደ እርከኑ ከ10 እስከ 20 ሜትር እየተራራቁ ይወርዳሉ። ብዙ የሆኑበት ምክንያት ኃይሉን ለመከፋፈል ነው። በአርማታ ሕንጻ የኮለኑ ፌሮ ከላይ እስከ ፋውንዴሽን ሳይቋረጥ ከተያያዘ ለዚሁ ሥራ ያገለግላል። ይህ ግን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መታሰብና መለካት አለበት።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው መሬት ላይ ነው። በተለምዶ የሚፈለገው የኧርዝ፣ ማለትም መውረጃውን ከአፈር ጋር የሚያገናኘው የተቀበረ ብረት፣ መቋቋም ከ10 ኦም በታች ነው። ጥሩ የሚባለው 10 ኦም እንኳ ተገኝቶ 30,000 አምፔር ቢያልፍበት በኧርዙ ላይ ለቅጽበት 300,000 ቮልት ይፈጠራል። ከመውረጃው አጠገብ ያለ፣ ነገር ግን ከእሱ ጋር ያልታሰረ የውኃ ቧንቧ፣ የበር ብረት ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በዚያች ቅጽበት ከባድ የቮልቴጅ ልዩነት ይገጥመዋል፤ ብልጭታው ዘሎ ይሻገራል። ስለዚህ በሕንጻው ውስጥ ያሉ ትላልቅ ብረቶችና ኧርዞች ሁሉ እርስ በርስ መታሰር አለባቸው። ለመብረቅ አንድ፣ ለመብራት ሌላ፣ ለቴሌ ሌላ ኧርዝ ቆፍሮ ሳያገናኙ መተው ጥንቃቄ ቢመስልም አደገኛ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ዘንግ ወደ ታች ከመቅበር ሕንጻውን ዞሮ የተቀበረ ቀለበት ይሻላል። ቀለበቱ በቤቱ ወለል ላይ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ልዩነት ስለሚቀንስ ቆሞ ያለን ሰው እግርም ያድናል።

መብረቅ ሕንጻውን ሳይመታ በመስመር ሊገባም ይችላል። ራቅ ብሎ የወደቀ ምት በመብራት ገመድ መጥቶ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ያቃጥላል። መፍትሔው በቆጣሪው ሰሌዳ ላይ የሚገጠም ሰርጅ አሬስተር ነው፤ እሱም ያለ ደህና ኧርዝ አይሠራም።

በገበያ ላይ ስላሉ ዘንጎች ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። አንዳንድ ሻጮች ጫፉ ላይ ልዩ መሣሪያ ያለው አንድ ዘንግ ብቻውን ሰፊ ግቢ እንደሚጠብቅ ይናገራሉ። አይኢሲ 62305 ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ዘንግ ተጨማሪ ሬዲየስ አይሰጥም፤ የሚያየው ቁመቱን ብቻ ነው። እኔም አንድ ውድ ዘንግ ከመግዛት በዚያው ገንዘብ መውረጃና ኧርዝ ማብዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ባለፈው ክፍለ ዘመን ራዲየም ወይም አሜሪሲየም የተጨመረባቸው ዘንጎችም ይሸጡ ነበር፤ ብልጫ ስላልታየባቸው በብዙ አገሮች ታገዱ። አሮጌ ሕንጻ ላይ እንዲህ ያለ ዘንግ ከተገኘ በእጅ ሳይነካ የጨረራ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠራ።

ወደ አገራችን ስንመለስ በደጋው ብዙ ትምህርት ቤት የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብዙ ጊዜ ከፍታ ላይ ይሠራል፤ ጉልላቱም የብረት መስቀል ይሸከማል። ቆርቆሮውም መስቀሉም ጥሩ ተቀባይ ናቸው፤ የሚጎድለው መውረጃው ነው። በአራቱ ማዕዘን ጣሪያውን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦና በዙሪያው የተቀበረ ቀለበት የቤቱን ጠባይ ይለውጣል። መዳብ የሚሰረቅበት አካባቢ በዚንክ የተለበጠ ብረት ይበቃል፤ አሉሚኒየም ግን አይቀበርም። ከቤቱ ጥግ የቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ መከላከያ ነው የሚለው እምነት መተው አለበት፤ ከግንዱ የሚዘለው ብልጭታ ወደ ቤቱ ይገባልና።

በመጪው በጋ ትምህርት ቤት ወይም የጸሎት ቤት የምትሠሩ የግንባታ ኮሚቴዎች፣ ተቋራጩን ስለ ጣሪያው ዘንግ ከመጠየቃችሁ በፊት መውረጃዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ኧርዙ በማን እንደተለካ፣ ብረቶቹ ሁሉ መታሰራቸውን ጠይቁ። ልኬቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ ደግማችሁ አስለኩ።