ከስንዴ ገለባ እንጉዳይ ማምረት

ወንድም ገበሬ፣ እህት ገበሬ! ስንዴውን ወቅታችሁ ምርቱን ጎተራ አስገባችሁ እንበል። ገለባው አውድማ ላይ ቀረ። ከፊሉን በሬው ይበላዋል። ከፊሉ ለቤት ጭቃ ይሆናል። የተረፈውስ? ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ አለዚያም በእሳት ይቃጠላል። በአርሲ ገለባ ብርቅ አይደለም። ኦጎልቾ የሚለው የቀበሌያችን ስም እንኳ የስንዴ ስም ሆኗል፤ በ2004 ዓ.ም. ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የወጣ የዳቦ ስንዴ ዝርያ በዚሁ ስም ይጠራል።

ታዲያ ከተረፈው ገለባ ምግብ ይገኛል ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? አዎን፣ ይገኛል። ምግቡ እንጉዳይ ነው።

እንጉዳይ ምንድን ነው?

እንጉዳይ እንደ ስንዴ ወይም እንደ ጎመን ተክል አይደለም። ቅጠል የለውም። ምግቡንም በፀሐይ ብርሃን አያዘጋጅም። እንደ ጥጥ የነጣ ቀጭን ድር አለው። ይህ ድር ገለባና እንጨት ውስጥ እየገባ ይመገባል። ሲጠነክርና እርጥበት ሲያገኝ፣ እኛ የምንበላውን ጥላ የመሰለ ክፍል ያወጣል። ለጀማሪ የሚመቸው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን አገር በዛፍ ጉቶ ላይ ማልማት ተጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር በገለባ ይመረታል።

«ይህ የጅብ ጥላ አይደለም እንዴ? ቢመርዘንስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዱር ከሚበቅለው መካከል ሰው የሚገድል አለ። የአንዳንዱ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ የማታውቁትን ከሜዳ ለቅማችሁ አትብሉ፤ ልጆችንም አስጠንቅቁ። ዘሩ ከታወቀ ቦታ ሲመጣ ግን የምትበሉትን ታውቃላችሁ። ከረጢቱ ላይ ሌላ መልክ ያለው ነገር ቢበቅል ጣሉት።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ድሩ የለበሰ የተዘጋጀ ከረጢት ገዝታችሁ ሞክሩ። ያን ጊዜ ሥራው ላስቲኩን ቀዶ ውሃ መርጨት ብቻ ነው። ከለመዳችሁ በኋላ ዘሩን ብቻ ግዙ። ዘሩ ነጭ ድር የለበሰ የማሽላ ወይም የስንዴ ፍሬ ነው።

አንደኛ፣ ያልሻገተ ደረቅ ገለባ በጣት ርዝመት ቁረጡ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት።

ሁለተኛ፣ ገለባውን በበርሜል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ውሃው ትናንሽ አረፋ ያውጣ እንጂ አይንተክተክ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ገለባው ላይ ያለው ሻጋታ ካልሞተ ዘሩን ቀድሞ ስለሚበላው ነው።

ሦስተኛ፣ ገለባውን አጥልላችሁ አቀዝቅዙ። በእጅ ጨምቁት። ውሃው ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ ከወረደ ገና ነው። ትኩስ ገለባ ዘሩን ይገድለዋልና አትቸኩሉ።

አራተኛ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ንብርብር ገለባ፣ አንድ ንብርብር ዘር እያደረጋችሁ ሙሉ። 3 ኪሎ ደረቅ ገለባ ሲርስ 10 ኪሎ ያህል ይሆናል። ለዚህ ግማሽ ኪሎ ዘር ይበቃል። አፉን አስራችሁ ጎኑን በመርፌ በሳሱት።

አምስተኛ፣ ከረጢቱን ከፀሐይ አርቃችሁ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ አኑሩት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲሆነው ነጭ ድር ያለብሰዋል። አሰላ ብርድ ስለሆነ ይዘገያል፤ ከምድጃው ግድግዳ በስተጀርባ ቢሆን ይሻላል። ኦጎልቾ ቆላማ ስለሆነ ይፈጥናል፤ ግን እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘውን ከረጢት ከቤት አውጥታችሁ ቅበሩት፤ ሌላውን እንዳይበክል።

ስድስተኛ፣ ከረጢቱ ሲነጣ ላስቲኩን በ4 ወይም በ5 ቦታ ቅደዱ። አሁን ንጹሕ አየርና ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል ብርሃን ይፈልጋል። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ንጹሕ ውሃ እንደ ካፊያ አርከፍክፉ። እንጉዳዩ ብቅ ካለ በኋላ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ልቀሙት። ሲያረጅ የሚያበነው ብናኝ ሳል ያስከትላል።

አንድ ከረጢት 2 ወይም 3 ጊዜ ይለቀማል። በደንብ ከተያዘ ከ3 ኪሎ ደረቅ ገለባ 1 ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ትኩስ እንጉዳይ ይገኛል። ያለቀለት ገለባ ለጓሮ ብስባሽ ይሆናል።

ለምን ይጠቅማል?

እንጉዳይ ገንቢ ምግብ ነው። በሽንኩርትና በበርበሬ ተጠብሶ ወጥ ይሆናል። ለፆምም ለፍስክም ይበላል። የእርሻ መሬት የሌላት እናት በአንድ ጠባብ ክፍል ልታመርተው ትችላለች።

ነገር ግን ትኩሱ ቶሎ ይበላሻል። ለሽያጭ ከሆነ አስቀድማችሁ ገዢ ፈልጉ። ያልተሸጠውን በፀሐይ አድርቁ፤ 10 ኪሎው ደርቆ 1 ኪሎ ያህል ይሆናል። የበሬውንም ድርሻ አትንኩ፤ በሬው ከከሳ እርሻው ይጎዳል።

እስቲ እርሳስና ደብተር አንሡ። በአንድ በኩል የዘሩን፣ የላስቲኩንና የማገዶውን ዋጋ ጻፉ። በሌላ በኩል የለቀማችሁትንና የሸጣችሁበትን ጻፉ። በ2 ወይም በ3 ከረጢት ጀምሩ። ሒሳቡ ትርፍ ካሳየ ጨምሩ፤ ካላሳየ ምክንያቱን ፈልጉ። ዘር ለብቻ ከመግዛት ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ መግዛት የመጓጓዣውን ወጪ ያቃልላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል የለ!