ከፑንታው ጫፍ የቀጠነ ብረት

ካራምቢት የተባለው የሱማትራ ቢላ እጀታው ጫፍ ላይ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው። የአሜሪካው ቢላ ሠሪ ኩባንያ ስፓይደርኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 «ወርከር» የተባለውን ታጣፊ ቢላ ሲያወጣ ክቡን ቀዳዳ ስለቱ ላይ አደረገው፤ አውራ ጣት እዚያ ያርፍና ቢላው በአንድ እጅ ይከፈታል። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን 4 ሚሊ ሜትር በሚወፍር አረብ ብረት ላይ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ተራ ፑንታ ያሳረፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ክብ ሳይሆን ማዕዘኖቹ የተድበለበሉ ባለ ሦስት ጎን ቀዳዳ ነው።

ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የፑንታው ቅርጽ ነው። የተለመደው ፑንታ ጫፉ በ118 ዲግሪ ይሳላል። ባለ 14ቱ ፑንታ ሾጣጣ ጫፉ ብቻውን ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ሾሉ ብረቱን በስቶ ከታች ብቅ ሲል የፑንታው ወገብ ገና አልገባም። መሃሉን የሚይዝለት ስለሌለ ይንገዳገዳል፣ ይነክሳል፣ አንዳንዴም ብረቱን ከእጅ ነጥቆ ያሽከረክረዋል። ብረቱ ከትራፓኖው ጠረጴዛ ጋር በደንብ ይታሰር የሚባለው ለዚህ ነው።

ባለ እርከኑ ሾጣጣ ፑንታ ለላሜራ ግሩም ነው፤ የእርከኑ ቁመት ከብረቱ ውፍረት ካነሰ ግን ቀዳዳው አንድ ወጥ ስፋት አይኖረውም። ክብ መጋዝም ያወጣዋል፣ ግን ጥርሱ በፍቅፋቂ ይታፈንና ግድግዳውን ሻካራ ያደርገዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መሃሉ ባዶ የሆነው ወፍራም መቁረጫ ነው። ብረቱን በሙሉ አይፈጭም፤ ዙሪያውን ብቻ ቀለበት አድርጎ ይቆርጥና መሃሉን እንደ ሳንቲም ሙሉውን ያወጣዋል። የሚፈጨው ብረት ስለሚያንስ ሙቀቱም ትግሉም ይቀንሳል።

ፍጥነቱ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚቸኩለው። መቁረጫው ሃይ ስፒድ ከሚባለው ብረት የተሠራ ከሆነና ጥርሱ በደቂቃ 15 ሜትር ያህል እንዲጓዝ ከተፈለገ፣ ለ14 ሚሊ ሜትር ወደ 340 ዙር፣ ለ25 ሚሊ ሜትር 190 ዙር ገደማ ይበቃል። ዘይት አይለየው፤ ግፊቱም አይቆራረጥ። ዝም ብሎ የሚታሽ ጥርስ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያጠነክረዋል።

የኛ አንጥረኞች የሚወዱት ባሌስትራ ከፋብሪካው ጠንክሮ ስለሚመጣ ከመበሳቱ በፊት መለስለስ አለበት፦ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም አግሎ ጥቂት ማለፍ፣ ከዚያ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር። ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው ከንፈር በሁለቱም በኩል ይሞረዳል። ስለታም ከንፈር የጋለው ብረት እንዲጠነክር ዘይት ውስጥ ሲነከር የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና።

ቀዳዳውን ረስቶ ቢላውን ያጠነከረ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 60 አካባቢ የደረሰ ስለት ተራውን ፑንታ ያደንዘዋል። የካርባይድ ፑንታ ይበሳዋል፣ ግን ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቆርጠው ሽቦ ጥንካሬው አያሳስበውም፤ ሆኖም ስለቱ መሃል ላይ ክብ ለመቁረጥ ሽቦው ራሱ የሚሾልክበት ትንሽ ቀዳዳ አስቀድሞ ይፈልጋል።