ሰማንያ፣ ላይሰንስ እና ፍቺ፦ ሳናገባ ብናውቃቸው የሚበጁን ነገሮች

ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ስለ አዳራሽ፣ ስለ ሚዜና ስለ መልስ ልብስ ሰዓታት እናወራለን። ሕጉን ግን ማንም አያነሳም፤ በሠርግ ሰሞን "ፍቺ" ማለት እንደ ሟርት ይቆጠራል። እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን በትምህርታችን "ታማሚው መናገር ቢያቅተው ማን ይወስንለታል?" የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። በካሊፎርኒያ ሕግ፣ ታማሚው አስቀድሞ ወኪል ካልመረጠ፣ ሊወስኑለት ከሚችሉት ሰዎች መካከል መጀመሪያ የሚጠቀሰው የትዳር ጓደኛ ነው። ስለዚህ በሕግ ፊት ያገባው ማን እንደሆነ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ሠርግ ብቻውን ጋብቻ አይደለም

በካሊፎርኒያ ከሥርዓቱ በፊት ተጋቢዎቹ አብረው ቀርበው ከካውንቲው ማሬጅ ላይሰንስ ያወጣሉ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ዋና ቢሮ ኖርዎክ ነው። ላይሰንሱ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው። ያጋባው ቄስ፣ ሼህ ወይም ዳኛ ፈርሞ በ10 ቀን ውስጥ ይመልሰዋል። ላይሰንስ ሳይወጣ አምስት መቶ ሰው ቢጨፍርም ጋብቻው በሕግ ፊት አይጸናም። "አሥር ዓመት አብረን ኖረናል" ማለትም አይሠራም፤ አብሮ በመኖር ብቻ ባልና ሚስት መባል እዚህ ከ1895 ጀምሮ ቀርቷል።

አገር ቤት ነገሩ ይለያል። በ2000 (በ1992 ዓ.ም.) የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል የሚፈጸም። ዝቅተኛው ዕድሜ ለሁለቱም 18 ነው፤ በቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ነበር። ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አጽድቋል። ልብ በሉ፦ እዚያ በሕጉ መሠረት የጸና ጋብቻ እዚህም የጸና ነው። ጎንደር ያገባ ሰው ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ላጤ አይሆንም።

ሰማንያ የሚቀደደው የት ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ለፍርድ ቤት አዛወረው፤ ሽማግሌዎች የቀራቸው ማስታረቅ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻ ፍቺ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤቱም እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

በካሊፎርኒያ ከ1970 ጀምሮ የማን ጥፋት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። "ሊታረቅ የማይችል ልዩነት አለን" ማለት ይበቃል፤ የሌላው ፈቃድም አይጠየቅም። ከሁለቱ አንዱ በስቴቱ 6 ወር፣ በካውንቲው 3 ወር የኖረ መሆን አለበት። ማመልከቻው ለሌላው ወገን ከደረሰ በኋላ ፍቺው ለመጽናት ቢያንስ 6 ወር ይፈጃል።

ቤቱ፣ ዕዳው፣ የትምህርት ብድሩ

በሁለቱም አገር መነሻው ተመሳሳይ ነው፦ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው፣ ሲለያዩም እኩል ይካፈሉታል። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣ ንብረት ግን የግል ነው። እዚህ በተገኘ ደሞዝ አዲስ አበባ የተገዛ ቤት፣ ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም፣ በካሊፎርኒያ ሕግ የሚስትም ነው። በትዳር ጊዜ የመጣ የክሬዲት ካርድ ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ይሆናል። የትምህርት ብድር ግን በአብዛኛው የሚቀረው በተማረው ላይ ነው።

"ከፈታሽኝ ትባረሪያለሽ"

ይህን ማስፈራሪያ በማኅበረሰባችን ውስጥ ያልሰማ ጥቂት ነው። ግሪን ካርዱ ሲሰጥ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ ካርዱ የሁለት ዓመትና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ይሆናል። ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ የሚያመለክቱት በተለምዶ ሁለቱ በአንድነት ናቸው። ነገር ግን በቅን ልብ አግብታ የተፋታች ወይም የተደበደበች ሴት ብቻዋን ማመልከት ትችላለች። ለወንዱም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማንም ዱላ ችሎ በትዳር እንዲቆይ ሕጉ አያስገድድም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የጋብቻ ወረቀታችሁን ዋናውንም ቅጂውንም አስቀምጡ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጠበቃ ለሌላቸው ቅጽ በመሙላት በነጻ የሚያግዝ ማዕከል አለው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነም ከፍርድ ቤት ክፍያ ነጻ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። ለራሳችሁ ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ። ሽማግሌም ላኩ፤ ዕርቅ ደግ ነገር ነው። መብቱን አውቆ የታረቀ ሰው ግን ፈርቶ ከታረቀው ይሻላል።