የጦርነት ዘመን ገንዘብና የራስ አስተዳደር ጥያቄ፦ የኮርቸ ወረቀት ፍራንክ

የራስን ገንዘብ ማሳተም ከሉዓላዊነት መገለጫዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በደቡብ ምሥራቅ አልባኒያ፣ በኮርቸ ከተማና አካባቢዋ የተሠራጨው የወረቀት ገንዘብ ግን የሁለቱ ግንኙነት ውስብስብ እንደሆነ ያሳያል። ገንዘቡ የአካባቢውን ሕዝብ ቋንቋና ዓርማ ይዞ ቢወጣም፣ ከጀርባው የቆመው ኃይል የፈረንሳይ ጦር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልባኒያ ነጻነቷን ያወጀችው በ1912 ሲሆን፣ መንግሥታዊ ተቋማቷን ሳታደራጅ ጦርነቱ ደረሰባት። ሰሜኑንና መካከለኛውን ክፍል ኦስትሪያ-ሀንጋሪ፣ ደቡብ ምዕራቡን ጣሊያን ያዙ። በግሪኮች እጅ የነበረችው ኮርቸ ደግሞ በ1916 መገባደጃ፣ ዋና ሰፈሩን በተሰሎንቄ ባደረገው የተባባሪዎቹ ጦር ውስጥ በነበሩት ፈረንሳዮች ቁጥጥር ሥር ወደቀች። አገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ስላልነበራት በገበያው የሚዘዋወሩት የኦቶማን፣ የኦስትሪያ፣ የግሪክና የፈረንሳይ ገንዘቦች ነበሩ።

በዲሴምበር 10 ቀን 1916 ኮሎኔል አንሪ ዴኳን ከአካባቢው ተወካዮች ጋር በፈረመው ውል ኮርቸ ራሷን የምታስተዳድር ግዛት ሆነች። አስተዳደሩም 7 ሙስሊሞችና 7 ክርስቲያኖች ለሚገኙበት፣ 14 አባላት ላሉት ምክር ቤት ተሰጠ። አልባንኛ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ ባለ ሁለት ራስ ንስሩ ሰንደቅ ዓላማ የፈረንሳይን ቀለማት የያዘ ጥብጣብ ታክሎበት ተሰቀለ፤ የአልባንኛ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የፖስታ ቴምብርም ታተመ። ፈረንሳዮች ይህን የፈቀዱት የጦራቸውን ደጀን ለማረጋጋትና የግሪክ ንጉሣውያንን ተጽእኖ ለመግታት ነበር።

የወረቀት ገንዘቡ የወጣው በ1917 ነው። የግማሽ ፍራንክና የአንድ ፍራንክ ኖቶች መሆናቸው ትኩረት ይሻል። በጦርነት ጊዜ ሕዝብ የብረት ገንዘብን ዋጋውን አይጥልም ብሎ ስለሚሸሽገው በቅድሚያ ከገበያ የሚጠፋው ዝርዝር ነው። በዚያው ዘመን የፈረንሳይ ከተሞች የንግድ ምክር ቤቶችና የጀርመን ማዘጋጃ ቤቶች አነስተኛ ኖቶችን ያሳተሙት ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር። የኮርቸ ኖቶችም ከዚህ ወገን የሚመደቡ ናቸው፤ ለዕለት ሸመታና ለመልስ የሚያገለግሉ እንጂ ሀብት የሚከማችባቸው አልነበሩም። መለኪያው ፍራንክ መሆኑም ገንዘቡ በማን ላይ እንደተመሠረተ ይጠቁማል።

የፖለቲካው ሚዛን ብዙም ሳይቆይ ተለወጠ። በጁን 1917 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ዙፋኑን ለቆ ቬኒዜሎስ ወደ አቴንስ በመመለሱ ግሪክ ከተባባሪዎቹ ጎን ተሰለፈች። ለፈረንሳይም የኮርቸ ራስ አስተዳደር ከጠቀሜታው ይልቅ እንቅፋትነቱ አመዘነ። የፖሊስ አዛዥ የነበረው ቴሚስቶክሊ ገርሜንዪ ከጠላት ጋር ተባብሯል ተብሎ በተሰሎንቄ በፈረንሳይ የጦር ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደበትና በኖቬምበር 1917 ተረሸነ። በፌብሩዋሪ 1918 ራስ አስተዳደሩ ተሻረ።

የወረቀት ገንዘቡ ግን አብሮ አልተሻረም። ከ1918 በኋላም አዳዲስ ኖቶች ታትመዋል። ምክንያቱም ገበያው ዝርዝር መፈለጉን አላቆመም፤ ፈረንሳዮችም እስከ 1920 ከአካባቢው አልወጡም። ከእነርሱ መውጣት በኋላ ኮርቸ በአልባኒያ መንግሥት ሥር ገባች። ብሔራዊ ባንኩ የተቋቋመው በ1925 ስለሆነ፣ የአንዲት ግዛት ገንዘብ ከአገሩ ብሔራዊ ገንዘብ ቀድሞ ተገኝቷል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መለየት ይቻላል። በኖት ላይ የሚታተመው ዓርማ የአንድን ማኅበረሰብ ምኞት ይገልጻል፤ ኖቱን ተቀባይነት የሚያሰጠው ግን የገበያው ፍላጎትና ከጀርባው ያለው ኃይል ነው። የኮርቸ ሕዝብ ዓርማውን በገንዘብ ላይ ለማየት በቃ፤ የገንዘቡን ዕጣ የመወሰን ሥልጣን ግን በእጁ አልነበረም።