መጀመሪያ መሳቢያው ይከፈት

አዲስ ዴስክቶፕ ሊያስገጣጥም የሚመጣ ደንበኛ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙና ስለ ኤስኤስዲው በደንብ አጥንቶ ነው የሚመጣው። የዕቃው ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ዲቪዲ ራይተር» የሚለው ጋ ስንደርስ ግን የምሰማው መልስ ከሁለት አይዘልም። አንዱ «ኧረ ዛሬ ማን ሲዲ ይጠቀማል፣ ተወው» ይላል። ሌላው «ሲዲ ሩም የሌለው ኮምፒውተር ምኑን ኮምፒውተር ሆነ?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ማሽኑ ነው። እኔ የምጠይቃቸው ስለ ቤታቸው ነው፦ መሳቢያው ውስጥ፣ ቁምሳጥኑ ላይ፣ የቢሮው ካዝና ውስጥ ምን ዓይነት ዲስክ ተቀምጧል?

ድሮ ድራይቭ የሚገዛው ለሚመጣው ነበር። ዊንዶውስ የሚጫነው፣ ሶፍትዌር የሚሸጠው፣ ፊልም የሚታየው በዲስክ ነበርና። ዛሬ ዊንዶውስ 11 የሚጫነው በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ነው፤ ፋይሉን 4.7 ጊጋባይት በምትይዝ ተራ ዲቪዲ ላይ ልጻፍ ቢሉ አይገባም። ሶኒም የሚጻፍበትን ባዶ የብሉሬይ ዲስክ ማምረት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 አቁሟል። ስለዚህ አሁን ድራይቭ የምንገዛው ያለፈውን ለማንበብ ነው። ያለፈው ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ምርጫውም አብሮ ይለያያል።

በደንበኞቼ ቤት የማገኘው ክምችት ግን ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የተረፉ ዲስኮች፣ የዘፈንና የመዝሙር ሲዲዎች፣ ከስቱዲዮ የመጡ የሠርግና የምርቃት ዲቪዲዎች፣ መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ የድሮ ሒሳብና ፕላን የተቀዳባቸው ሲዲዎች። ዛሬም የሚጨመርበት አለ፤ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የተነሳ ታካሚ ብዙ ጊዜ ምስሉን በሲዲ ይዞ ይወጣል። ለክሊኒክ ኮምፒውተር ስገጥም ድራይቩን ማንም ሳይጠይቀኝ የማስገባው ለዚህ ነው። ሐኪሙ የታካሚውን ምስል ለማየት ከጎረቤት ቢሮ ድራይቭ መዋስ የለበትም።

ለዚህ ሁሉ ክምችት አንድ ተራ ዲቪዲ ራይተር ይበቃል። ሲዲ በ780 ናኖሜትር፣ ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ሌዘር ይነበባል፤ ዲቪዲ ድራይቭ ሁለቱንም ይዟል። የብሉሬዩ 405 ናኖሜትር ሌዘር ግን የለውም። ብሉሬይ ድራይቭ ዋጋው ከበድ ስለሚል ዲስኩ በእጁ ለሌለ ሰው አልመክርም። ዲስኩ ላለውም ቢሆን ፊልሞቹ የተቆለፉ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚከፈልበት ማጫወቻ ይጠይቃሉ። አልትራ ኤችዲ የሚባለው ብሉሬይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በኮምፒውተር በደንቡ እንዲጫወት ኤስጂኤክስ የተባለ የኢንቴል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ኢንቴል ግን ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ይህን ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አውጥቶታል። አዲስና ውድ ማሽን የገዛ ሰው አሮጌው የሚያጫውተውን ፊልም ማየት ሊያቅተው ይችላል ማለት ነው።

የሁለቱ ሌዘር ነገር ያገለገለ ዴስክቶፕ ለሚገዛም ይጠቅማል። አንዱ ሌዘር ሲደክም ሌላው ሊሠራ ስለሚችል ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ እምቢ የሚል ድራይቭ ብዙ ነው። ስለዚህ ገበያ ሲወጡ ሁለት ዲስክ ይያዙ፤ አንድ ሲዲ፣ አንድ ደግሞ ቤት ወይም ስቱዲዮ የተጻፈ ዲቪዲ። የተጻፈ ያልኩት ከፋብሪካ ከታተመው ይልቅ ለማንበብ ስለሚከብድ ነው፤ ያንን በቀላሉ የከፈተ ድራይቭ ሌላውን አይፈራም። ትሪው መውጣቱንና መብራቱ ብልጭ ማለቱን ብቻ አይቶ «ይሠራል» የሚል ሻጭ አልፈተነውም።

ካርቶኑ ላይ በሚጻፈው ፍጥነትም አይታለሉ። 48 እጥፍ የሚለው የሲዲ ነው፤ የሲዲ አንድ እጥፍ በሴኮንድ 150 ኪሎባይት ሲሆን የዲቪዲው 1.38 ሜጋባይት ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 16 እጥፍ የሚሄድ ዲቪዲ 48 እጥፍ ከሚሄድ ሲዲ ሦስት ጊዜ ያህል ይፈጥናል። በ24 እና በ22 እጥፍ መካከል ላለው ልዩነት ገንዘብ መጨመር ዋጋ የለውም፤ ገበያ ላይ ያለው ባዶ ዲቪዲ በአብዛኛው ለ16 እጥፍ የተሠራ ነው። መጻፍ ካለብዎ ቀስ አድርገው ይጻፉ፣ ዩፒኤስም ይኑርዎ። አንዴ ብቻ በሚጻፍበት ዲስክ ላይ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ዲስኩ አብሮ ሄደ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከውስጥ ይገጠም ወይስ ከውጭ ይሰካ የሚለው ነው። የአሁኑ ኬዝ ፊቱ መስታወትና ፋን ሆኖ የድራይቩ ቦታ የሌለው እየበዛ ነው። ቦታው ቢኖርም ማዘርቦርዱን ማየት ያስፈልጋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ሲገባ ድራይቩ ከሚሰካባቸው የሳታ መሰኪያዎች አንዱ ይዘጋል። ከውጭ ተገዝተው የሚገቡት ትናንሽ ብራንድ ዴስክቶፖች ደግሞ ቀጭኑን የላፕቶፕ ዓይነት ድራይቭ ነው የሚቀበሉት። ውፍረቱም 12.7 ወይም 9.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ሳይለኩ ገዝቶ መመለስ የተለመደ ነው። በየቀኑ ዲስክ ለሚከፍት ክሊኒክ ወይም ስቱዲዮ ከውስጥ የሚገጠመውን ትልቁን እመርጣለሁ። ለቀረው ሰው በዩኤስቢ የሚሰካው ይሻላል፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር አይቀየርም፣ ከእህትና ከወንድም ጋርም ይዋዋሱታል። ሲሰኩት ከኬዙ ኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ይሁን። በረዥም ገመድ ወይም በማከፋፈያ ሲሰካ ኃይል አንሶት የሚንተፋተፈውን ድራይቭ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ያመጣልኛል።

ዘመድ ውጭ አገር ያለው ደንበኛ ሌላም ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ልጆቹ ከአሜሪካ የላኩት ሠርግ ይታያል፤ አብሮ የመጣው ፊልም ግን አይከፍትም፤ ዕቃህ ያዳላል እንዴ?» አሉኝ። «አያዳላም እማማ፤ ፊልሙ ነው አገር የሚመርጠው» አልኳቸው። ፋብሪካ የሚያሳትመው የፊልም ዲቪዲ የቀጣና ቁጥር ይሰጠዋል፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናቸው። ስቱዲዮ የጻፈው ሠርግ ይህ ቁልፍ የለበትም። የድራይቩን ቀጣና መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ቀጣና ልቀይር?» ሲል እሺ ከማለት በፊት አብዛኛው ዲስክዎ ከየት እንደመጣ ያስቡ። ምንም ዲቪዲ አላጫውት ካለ ደግሞ ድራይቩን ከመውቀስ በፊት ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ይጫኑ፤ ማይክሮሶፍት የዲቪዲ ማጫወቻውን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አስቀርቶታል።

ድራይቩ ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ከምርጫው ይበልጣል። ቤትና ስቱዲዮ የተጻፉ ዲስኮች መረጃውን የሚይዙት በቀለም ሽፋን ላይ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይደክማል። ስለዚህ ወደ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ ከሠርጉና ከምርቃቱ ይጀምሩ፤ ፋብሪካ የታተሙት የዘፈን ሲዲዎች ይቆዩ፣ እነሱ ይታገሣሉ። ሲዲ ከሆነ ሰዎች ከሚፈሩት ከታችኛው ፊት ይልቅ የላዩን ይጠብቁ፤ መረጃው ከጽሑፉ ሥር ነው ያለው፣ በስክሪፕቶ የጻፈበት ሰው መረጃውን ሊጭር ይችላል። ዲቪዲ መረጃውን በሁለት ፕላስቲክ መካከል ስለሚይዝ ከላይ ሲጫር የተሻለ ይችላል።

ሲገለብጡም ሙሉውን ይገልብጡ። በዲቪዲ ላይ አንድ ሠርግ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ቀድቶ ዲስኩን የጣለ ቤተሰብ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ያያል፣ መልሱን ግን አያየውም። ድራይቩ አንዱን ዲስክ እምቢ ካለ ከመጣልዎ በፊት በሌላ ድራይቭ ይሞክሩት፤ አንዱ የናቀውን ሌላው ሲያነብ በየጊዜው አያለሁ።

አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ200 በላይ ሙሉ ዲቪዲ ይይዛል፤ ያንን የሚሞላ መሳቢያ ያለው ቤት ብዙ አይደለም። ሲጨርሱ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ያድርጉና ሌላ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ለሚገዙት ዴስክቶፕ ድራይቩን ከዝርዝሩ ላይ ቢሰርዙት አልከራከርዎም።