«ማንን ትመርጣለች?» ከማለታችን በፊት

ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ተከታታይ ድራማ ከተጀመረ ወዲህ ይህን ቀመር የሚያሸንፍ አልተገኘም። ሚዛን ተፈሪ ላይ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ኔትወርኩ ካልተቋረጠ፣ ስልክ የያዘ ወጣት ወይ የቱርክ ወይ የኮሪያ ድራማ ከፍቶ ነው የሚገኘው። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥም ሆነ ሰፈር ቡና ሲፈላ ክርክሩ ያው ነው። «ከእሱ ጋር ነው መሆን ያለባት!» «አይ፣ የመጀመሪያው ይሻላታል!» ገና ቶናው ሳይቀዳ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ አንድ የሩሲያ ድራማ ነው። አትሽሹ፤ ጉዳዩ ሩሲያ ተጀምሮ እዚያው አይቀርም። እኛ ደጅ ይመጣል።

«ምስኪኗ ናስትያ» ይባላል። ኤስቲኤስ በተባለው የሩሲያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2003 እስከ ሚያዝያ 2004 ታየ። 127 ክፍል አለው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1839 ነው፤ ባለ ሰፊ ቀሚስ ሴቶች፣ ሻማ የሞላባቸው አዳራሾች፣ በረዶ ላይ የሚሮጡ ሠረገላዎች፣ በሽጉጥ የሚጋጠሙ መኳንንት። ለዓይን ድግስ ነው።

መሀል ላይ ያለችው አና ናት። ቆንጆ ናት፣ ትዘፍናለች፣ ፈረንሳይኛ ትናገራለች። ሽማግሌው ባሮን ኮርፍ እንደ ልጁ አሳድጓታል። ልዑል ሬፕኒን ገና ሲያያት ልቡ ይሸፍታል። የባሮኑ ልጅ ቭላድሚር ኮርፍ ደግሞ አብሯት ያደገ፣ ሲያያት የሚናደድ፣ ሲያጣት የሚናፍቅ ዓይነት ሰው ነው። ሁለቱ ወንዶች ጓደኛሞች ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ ተሟላ ማለት ነው።

ግን አና የደበቀችው ነገር አለ። «ሰርፍ» ናት። በዘመኑ ሩሲያ ሰርፍ ማለት ከመሬቱ ጋር የታሰረ፣ ባለቤት ያለው ሰው ነው። በእኛ ቋንቋ «ገባር» ወይም «ጭሰኛ» ብንል ይቀርበዋል፤ የሩሲያው ግን ይብሳል፣ ሰውየው ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ስለዚህ ሽማግሌው ባሮን ሲሞት አና ለቭላድሚር ከቤቱና ከፈረሶቹ ጋር በውርስ ትደርሰዋለች። ሰውየው ወዷት ይሁን ጠልቷት በቅጡ ሳይለይ፣ ባለቤቷ ሆኗል።

እና ምን ያደርጋል? በሬፕኒን ፊት እንድትደንስ ያዛታል፤ ጓደኛው የወደዳት ሴት ማን እንደሆነች እንዲያይ። ሬፕኒንም እመቤት ናት ብሎ ያመለካት ልጅ ሰርፍ መሆኗን ሲያውቅ ይደናገጥና ይርቃታል። አንዱ ያዛል፣ ሌላው ይሸሻል። እሷስ? እሷን የጠየቃት የለም።

ተመልካቹ ግን «ቲም ኮርፍ» እና «ቲም ሬፕኒን» ሆኖ ይጨቃጨቃል። ነገርዬው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ታሪክ ሦስተኛ ማዕዘን ሌላው ወንድ አይደለም፤ «የእኔ ናት» የሚያሰኘው ወረቀት ነው። ድራማው ራሱም ይህን ያውቃል፤ ቭላድሚር የነፃነት ወረቀቷን እስኪፈርም ድረስ «እወድሃለሁ» ብትለው እንኳ ቃሉ ክብደት የለውም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ምን ዋጋ አለው? በመጨረሻ የምታገባው እሱን ነው። ግን ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

ይህ ፈጠራ ነው። በሩሲያ ታሪክ ውስጥ ግን ከዚህ የባሰ እውነተኛ ሦስት ማዕዘን አለ፤ ሰውየውንም እኛ «የኛ ነው» የምንለው ነው።

አብራም ጋኒባልን ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁም የልጅ ልጁን ልጅ ታውቁታላችሁ፤ አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመለት ገጣሚ። ጋኒባል እ.ኤ.አ. በ1696 አካባቢ ከአፍሪካ ምድር ተወለደ፤ በልጅነቱ ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ደረሰ፤ ከዚያ ለታላቁ ጴጥሮስ ተወሰደ። ዛሩ የክርስትና አባት ሆነው፣ ፈረንሳይ ልኮ የጦር ምሕንድስና አስተማረው። ቤተሰቦቹ ከሐበሻ ምድር ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ እንቀበላለን። ከዛሬዋ ካሜሩን፣ ሎጎኔ ከተባለ ስፍራ ነው ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። የማይካደው ግን አንድ ነው፤ በልጅነቱ ማንም ፈቃዱን ሳይጠይቀው እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሰው ነበር።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1731 ሚስት አገባ። ኤቭዶኪያ ዲዮፐር ትባላለች፤ የግሪካዊ የመርከብ ካፒቴን ልጅ። እሷ የምትወደው ሌላ ነበር፤ ካይሳሮቭ የሚባል ወጣት መኮንን። አባቷ ግን ለጋኒባል ሰጣት። ኤቭዶኪያ እምቢ ማለቷን፣ እምቢ ካለችበት ምክንያት አንዱም ጥቁር መሆኑ እንደነበር የፍርድ ቤት መዝገብ ይናገራል። ይህን ስናነብ ቅር ይለናል፤ ለእሱ እንወግናለን። ግን ምክንያቷ ባያምረንም እምቢታዋ እምቢታ ነው። አልተሰማችም፤ ተዳረች።

ትዳሩ እንደተጠበቀው ሆነ። ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ወደምትገኘው ፔርኑ ሄዱ። እዚያ ሌላ ወንድ መጣ፤ ባልየው መርዝ ልታበላኝ ነበር ብሎ ከሰሳት፤ እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ እንደደበደባትና እንዳሠቃያት ተናገረች። ለ11 ዓመት ታሰረች። እሷ እስር ቤት ሳለች ጋኒባል ሳይፋታ ክርስቲና የተባለች ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ፍቺው የጸደቀው በ1753 ነው። እሱ መቀጫ ከፍሎ ሁለተኛው ትዳሩ ጸና። ኤቭዶኪያ ወደ ገዳም ተላከች።

ጋኒባልስ? ጄኔራል ሆነ። እቴጌ ኤልሳቤጥ ርስት ሰጡት፤ ከርስቱ ጋር ሰርፎቹንም። ልብ በሉ፤ በልጅነቱ የተሸጠው ሰው አድጎ የሰው ባለቤት ሆነ። ክፉ ሰው ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። ዘመኑ ለአንድ ወንድ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት ሌላ ሰው ላይ ማዘዝ ነበር፤ የተሰጠውን ወሰደ። የተበደለ ሁሉ በደልን ይጠላል ብለን እናምናለን። ታሪክ ግን ሁልጊዜ አያረጋግጥልንም።

ፑሽኪን የቅድመ አያቱን ታሪክ ልብ ወለድ ሊያደርገው በ1827 ጀመረ። ርዕሱ «የታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ሰው» እንደማለት ነው። እዚያም ሦስት ማዕዘን አለ፤ ኢብራሂም፣ ናታሻ፣ እና ናታሻ የምትወደው ቫሌሪያን። ዛሩ ናታሻን ለኢብራሂም ሊድር ይወስናል፤ ልጅቷ ስትሰማ ራሷን ስታ ትወድቃለች። መጽሐፉ ሳያልቅ ቀረ። በ1976 የሶቪየት ዳይሬክተር አሌክሳንደር ሚታ ፊልም ሲሠራው ዝነኛው ዘፋኝ ቭላድሚር ቪሶትስኪ ፊቱን አጥቁሮ ኢብራሂምን ተጫወተ። የፊልሙ ኢብራሂም በግድ አላገባትም የሚል ጨዋ ነው። ደስ ይላል። እውነተኛዋ ኤቭዶኪያ ግን እንዲህ ያለ ሰው አላገኘችም።

ፑሽኪን ራሱም በሦስት ማዕዘን ነው የሞተው። ዳንቴስ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ሚስቱን ናታሊያን መከታተል ጀመረ፤ ስም የሌለው የስድብ ደብዳቤ መጣ፤ ከተማው አንሾካሾከ። በጥር 1837 በሽጉጥ ተጋጠሙ። ፑሽኪን ቆስሎ ከሁለት ቀን በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚከራከረው «ናታሊያ ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም?» እያለ ነው። ሁለት ወንዶች ተታኮሱ፤ ጥያቄው እሷ ላይ ቀረ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል ካለ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ደቡብ ምዕራቡ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ሊገባው የሚገባ ምድር ነው። ከሚዛን ወደ ደቡብ ስትወርዱ ያለው የማጂ አገር በባሪያ ፈንጋዮች ወረራ ሕዝቡ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። ከዚህ አካባቢ ስንት ልጅ እንደ ጋኒባል ተወስዶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ጄኔራል የሆነለት ስለሌለ ስሙን የሚያነሳው የለም። የገባርነቱም ሥርዓት እዚህ ከባድ ነበር። ሩሲያ ሰርፍነትን የሻረችው በ1861 ነው፤ የሻሩት ዛር «ምስኪኗ ናስትያ» ውስጥ ገና ወጣት አልጋ ወራሽ ሆነው፣ የማያገቧትን ልጅ ወደው የምናያቸው አሌክሳንደር ናቸው። በእኛ አገር ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ ሩቅ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ቅድመ አያቶች በሕይወት ነበሩ።

ከዚያም በኋላ «የእኔ ናት» የሚለው ነገር ትዳር ውስጥ ቆየ። ጠለፋን አስቡት። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በቃ፣ ወንጀሉ በሠርግ ይታጠባል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ልጅቷን ቢያገባትም ከተጠያቂነት አይድንም ብሎ ቀዳዳውን ደፈነው። ወረቀቱ ተቀይሯል። «ቤተሰቧ እሺ ካለ ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው ግን ዛሬም በየሰፈሩ አለ።

እሺ፣ ጠለፋን ሁላችንም እናወግዛለን። ቀለል ያለውንስ? «ፓስወርድሽን ስጪኝ፣ የምትደብቂው ከሌለ።» «ያንን ፎቶ አጥፊው።» «ሎኬሽን ላኪልኝ።» «ከእሱ ጋር ቻት ስታደርጊ እንዳላይ።» ሴቶችም ወንዶችን እንዲህ ይላሉ፤ አልዋሽም። እና ጓደኞቻችን ሲነግሩን ምን እንላለን? «ስለሚወድሽ እኮ ነው!» ድራማው ያስተማረን ይህን ነው። ቅናት ከጨመረ ፍቅር ጨመረ። ጀግናው እጇን ይዞ ሲጎትታት ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ እኛም ልባችን ይመታል። ድምፁን አጥፍታችሁ ያንኑ ትዕይንት እዩት እስቲ። አንድ ሰው ሌላውን እየጎተተ ነው።

ድራማ አትዩ እያልኩ አይደለም። እኔም አያለሁ፤ ደግሜም አያለሁ። የምለው ክርክሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንውሰደው ነው። «ማንን ትመርጣለች?» ከማለታችን በፊት «መምረጥ ትችላለች ወይ?» እንበል። እምቢ ብትል ምን ይደርስባታል? ቤት ታጣለች? ትምህርቷን ታቋርጣለች? ትደበደባለች? መልሱ «ምንም አይደርስባትም» ከሆነ ድራማው የፍቅር ነው፤ እንደፈለጋችሁ ቲም ሁኑ። መልሱ ሌላ ከሆነ ግን የምናየው ፍቅር ሳይሆን ርስት ክፍፍል ነው።

አና ነፃነቷን አገኘች፤ ደራሲዎች ጽፈውላታል። ናታሻን ፑሽኪን ሳይጨርሳት ቀረ፤ ፊልም ሠሪዎች ጨረሱላት። ለጋኒባል መጽሐፍም ፊልምም ተሠርቶለታል። ኤቭዶኪያ ግን እስር ቤት 11 ዓመት፣ ከዚያ ገዳም። የምትናገረው በተከሳሽ ቃል ብቻ ነው።

የእሷን ድራማ የሚሠራ ቢገኝ፣ እኔ ዳታ ሳልቆጥብ ነው የማየው።